«ማንን ትተሽ መጣሽ?»

የተከበራችሁ ዘመዶች፣ ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁን ሁሉ፤ ብዙዎቻችሁ «ጠበቃዋ» እያላችሁ የምታውቋቸውን፣ በቤታችን ግን ትልቁም ትንሹም «እታለም» እያለ የሚጠራቸውን የታላቅ እህታችንን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አዞኛል። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እኔ ተከታያቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ፤ ዕድሜያችንን ሙሉ «አንቺ» እያልኳቸው፣ ስንጨቃጨቅ፣ ስንኳረፍና ስንታረቅ የኖርን ነንና፣ ለወጉ ስል «እርሳቸው» ብዬ ልጽፍ ብቀመጥ ብዕሩ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም «እርሳቸው» ባልኩ ቁጥር መለያየታችን እንደ አዲስ ይሰማኛልና ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

እታለም በፍርድ ቤት ኮሪደር እየቆሙ ባለጉዳዮችን ወደ ችሎት ይጠሩ ከነበሩት ከአባታችን፣ እንዲሁም መስኮት ሥር በተቀመጠች የስፌት መኪና የሰው ልብስ እየሰፉ ካሳደጉን ከእናታችን የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ድምፃቸው ደረጃውን ወርዶ እስከ ግቢው በር የሚሰማ ሰው ስለነበሩ፣ ቤት ሲገቡም ሥራው አልለቃቸው ብሎ ምሳ ሲቀርብ «ከሳሽ ቀርቧል? ተከሳሽ ቀርቧል?» እያሉ ይጠሩን ነበር፤ ከሳሿ ሁልጊዜ እታለም፣ ተከሳሹም ሁልጊዜ እኔ እንደነበርኩ የሚመሰክሩ የአክስት ልጆች እዚህ መካከላችን አሉ።

ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ አባታችንን ለመጠበቅ በዚያ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በሚያለቅሱና በሚያንቀላፉ ባለጉዳዮች መካከል፣ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የቤት ሥራቸውን ይሠሩ ስለነበር፣ የሰው ጉዳይ ማድመጥን ገና በልጅነታቸው ለመዱ። በሒሳብ እንደ እኔው ደካማ ቢሆኑም በክርክር የሚያክላቸው አልነበረም። አንድ መምህር ማን እንደጮኸ ለይተው ባለማወቃቸው ክፍሉን በሙሉ ቢያንበረክኩ፣ እታለም ብቻቸውን ቆመው «ሳይጠይቁ እንዴት ይቀጣሉ?» በማለታቸው እናታችን ትምህርት ቤት ተጠርተው፣ ልጃቸውን በመምህሩ ፊት ክፉኛ ተቆጥተው፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ ከረሜላ እንደገዙላቸው እስከ ዛሬ በቤታችን ይወራል። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ሕግ ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜም አባታችን ደስታቸውን በዚያ ድምፃቸው ስላወጁት ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም።

በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ፣ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ባለች፣ የማስቲሽ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ እየወጣ በሚያውዳት ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ አንጋፋ ጠበቃ ሥር ሥራ ጀመሩ። አንጋፋው ጠበቃ ሥርዓት ወዳድ ስለነበሩ ለባለጉዳይ የሚቀርበውን ጥያቄ በተርታ አስጠኗቸው፤ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ክስ፣ ከዚያ የተያዙበት ዕለት፣ ምስክር፣ ዋስ። ከዚህ ተርታ የወጣውን ሁሉ ወሬ ይሉት ነበር። እታለምም ተርታውን በቃላቸው ይዘው፣ ባለጉዳይ ወደ ሌላ ነገር ሲሄድባቸው በትሕትና እየመለሱ፣ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው ቃሉን ይቀበሉ ነበር፤ እኛም በዚህ ሥርዓታቸው እንኮራባቸው ነበር።

ሕይወታቸውን ለሁለት የከፈለው ነገር የደረሰው በዚያው በሥራቸው መጀመሪያ ዘመን ነው። በሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምትተዳደር አንዲት ወጣት እናት፣ አሠሪዋ ቀለበቴን ሰረቀችኝ ብላ ስለከሰሰቻት፣ እጇ ገና ከሳሙና አረፋ ሳይጸዳ ከሥራዋ ተወስዳ ታሰረች፤ ጉዳይዋንም በነፃ እንዲይዙላት እታለም ተመደቡላት። ይህችን ሴት «አጣቢዋ» የምላትና «አንቱ» የማልላት ንቄያት አይደለም፤ እርሷው ራሷ «አንቱ ካልከኝ ቀብሯ ላይ አጠገብህ አልቆምም» ብላ ስላስጠነቀቀችኝ ነው። እታለም በማግሥቱ ጣቢያ ሄደው በተርታቸው ጠየቋት። አጣቢዋ የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች፤ ነገር ግን በየመልሷ መሐል «ማታ ቤቴ እገባለሁ አይደል?» ትላለች፤ እርሳቸውም እንደተማሩት «እሱን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው» እያሉ ወደ ተርታው ይመልሷት ነበር።

አጣቢዋ በተያዘችበት ዕለት ከቤቷ ስትወጣ ትንሽ ሴት ልጇንና ጡት ያልጣለ ወንድ ልጇን ትታ፣ ወደ መኪና መንገድ እንዳይወጡባት በሩን ከውጭ ቆልፋባቸው ነበር። በልጆቿ ላይ መቆለፏ ሌላ ክስ እንዳይሆንባት ስለፈራች በራሷ አንደበት አልተናገረችም፤ ያመጧት ፖሊሶች፣ ቃሏን የተቀበለው መርማሪ፣ ቀጠሮ የሰጠው ዳኛ፣ ጠበቃዋም ጭምር፣ አንድም ሰው አልጠየቃትም። በኋላ ጭንቀቷ ፍርሃቷን አሸንፎት እሪ ብላ ተናግራ፣ ሰው ሮጦ በሩን ሲሰብር፣ ልጅቷ ወንድሟን እንዳቀፈች ተገኘች። እርሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ሲቀበርም እናቱ ታስራ ስለነበር አልቆመችም። ቀለበቱ ከሰነበተ በኋላ በአሠሪዋ የገላ መታጠቢያ ቧንቧ ውስጥ ተገኘና አጣቢዋ ይቅርታ እንኳ ሳትባል ወደ ቤቷ ተለቀቀች።

እታለም ከዚያ በኋላ ለወራት ቢሮ አልገቡም። እናታችን ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አስቀምጠው የቀሚስ ጠርዝ ሲያስዘመዝሟቸው ይውሉ ነበር፤ አባታችንም ያን ድምፃቸውን አፍነው በገዛ ቤታቸው በጣታቸው እየቆሙ ይራመዱ ነበር። እታለም አጣቢዋን ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው በሩ ተዘጋባቸው፤ ደግመው ሄዱ፣ ደግሞም ተዘጋባቸው። ወደ ሥራቸው የተመለሱ ዕለት ግን የሄዱት ወደ ቢሯቸው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሴቶች እስር ቤት ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስም ከመጠየቃቸው በፊት፣ ክስ ከመጠየቃቸው በፊት፣ ጎንበስ ብለው «ማንን ትተሽ መጣሽ?» ሳይሉ ከአንዲትም እስረኛ ጋር ንግግር ጀምረው አያውቁም። መድኃኒት በእጄ የምትወስድ እናት ትቼ የምትል ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር የሚከፍትላት የሌላት ልጅ ትቼ የምትል ነበረች፤ ምድጃ ላይ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት ያለችም አለች። እታለም መዝገብ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ወደተባለው ቤት እየሮጡ ያንኳኩ ነበር፤ የድስቷ ባለቤት ቤት የደረሱት ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ነው።

እስረኞቹ ውለው አድረው መጠሪያቸውን ትተው «እማማ ማንን ትተሽ» ይሏቸው ጀመር፤ በግቢው በር ብቅ ሲሉ «ማንን ትተሽ መጣች!» የሚለው ወሬ ከክፍል ወደ ክፍል ይሮጥ ነበር። ቋንቋ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ሰዋስዉ ቢያንገሸግሸኝም፣ ስሙ ግን በልካቸው የተሰፋ ነበር። በቋንቋችን ጥያቄ ማቅረብም መጠየቅ ነው፤ የታሰረን ሄዶ ማየትም መጠየቅ ነው፤ የታመመን አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ማጽናናትም ያው መጠየቅ ነው። እህቴ አንዱን መጠየቅ ከሌላው ለይተው አያውቁም ነበር።

የትዳራቸው ነገርም ያለዚህ ጥያቄ አይነገርም። መነጽራቸው ላይ ተቀምጠው ሰብረውት ሊያሠሩ በገቡበት ሱቅ ከተዋወቋቸው መነጽር ሠሪ ጋር ወዳጅነታቸው ጠንክሮ፣ መነጽር ሠሪው አንድ ቀን አዲስ ኮት ለብሰው የጋብቻን ነገር ሊያነሡ ቢሮ ድረስ ቢመጡ፣ እታለም ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ በልማዳቸው «ማንን ትተህ መጣህ?» አሏቸው። መነጽር ሠሪውም የቀድሞ እጮኛቸው ወሬ የተሰማባቸው መስሏቸው ላብ በላብ ሆነው፣ ከሀ እስከ ፐ ተናዘዙ። እታለም ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰሙም ነበርና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ በዚያው ዓመትም ተጋቡ። ባለቤታቸው ይህን ታሪክ ሲያወሩ ሁልጊዜ «ሳይከሰስ ያመነ ብቸኛ ተከሳሽ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። በትዳራቸውም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በሥራቸው የፈጸሙትን ሁሉ ብዘረዝር አትጠግቡትም፣ እኔም አልዘልቀውም። በዚያ እስር ቤት ምጥ የያዛት ሴት እጇ ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና ታስሮ ነበር የምትወልደው። እታለም ይህ እንዲቀር ሲከራከሩ ዐቃቤ ሕጉ እንዳታመልጥ ነው ቢሏቸው፣ «በምጥ ላይ ሆና የምትሮጥ ሴት ካለች አሳዩኝና እኔም አብሬ ላጨብጭብላት፤ ለመሆኑ እርስዎ ወልደው ያውቃሉ?» ብለው ችሎቱን ቢያስቁትም፣ ሳቁ ሲበርድ ካቴናው እንዲወልቅ ተወሰነ። እናትና ልጅ በድርብ ሽቦ ግራና ቀኝ ቆመው እየተጯጯሁ ይተያዩበት የነበረው አዳራሽ ሽቦው ተነሥቶ አግዳሚ ወንበር የገባበትና ልጆች እናታቸው ጭን ላይ መቀመጥ የቻሉት በእርሳቸው ክርክር ነው። ሳሙናና የወር አበባ መጠበቂያ እንደ ቅንጦት መቆጠሩ የቀረውም እንዲሁ። የእስር ቤቱ አዛዥ ተናደው «እመቤቴ፣ ይህ እኮ ማረሚያ ቤት እንጂ የሕፃናት ማቆያ አይደለም» ባሏቸው ጊዜ፣ «መጀመሪያ ያረማችሁትን አንድ ሰው አሳዩኝ፤ እስከዚያው ድረስ እስር ቤት እለዋለሁ» ብለዋቸው፣ ከዚያ በኋላ አዛዡ እርሳቸውን ሲያዩ በሌላ በር ይወጡ እንደነበር ይታወቃል።

ቤታቸው ግን ለዚህ ሁሉ ዋጋ ከፍሏል፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ እርሳቸው ራሳቸው አይወዱልኝም። ልጃቸው ገና ትንሽ ሳለ፣ በልደቱ ቀን እናቱን ሲጠብቅ ሻማው ሳይበራ ቀርቶ፣ እታለም መሽቶባቸው እያለከለኩ ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ «ማንን ትተሽ መጣሽ?» አላቸው። ልጁ የሰማውን መድገሙ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ እሑድን ለማንም አልሰጡም፤ ምንም የማይጥመውን ምግባቸውን እየሠሩ ሁላችንንም በግድ ያበሉን የነበረውም በነዚያ እሑዶች ነበር።

ከሁሉ በላይ የታገሉለት ነገር ግን አንድ ነበር። ያች ጥያቄ ከእርሳቸው አፍ ወጥታ በየጣቢያው የእያንዳንዱ ተረኛ የመጀመሪያ ቃል እንድትሆን፣ አንዲት ሴት ስትያዝ ከስሟ አስቀድሞ በቤቷ ማንን ትታ እንደመጣች እንድትጠየቅ፣ ትታው ወደመጣችው ሰው ዘንድም ወዲያው መልእክተኛ እንዲላክ በፖሊስ ደንብ ውስጥ እንዲጻፍ ነበር ምኞታቸው። ለዓመታት ደጅ ጠንተው በመጨረሻ ደንቡን የሚያሻሽለው ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። አንዱ ጊዜ የለንም አለ፤ ሌላው ሴቶቹ ልጅ ሳይኖራቸው ልጅ አለን ብለው ያታልሉናል አለ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም ባለመጠየቅ የደረሰ ጉዳት ካለ አንድ ይንገሩን አሏቸው።

እታለም አንድ ያውቁ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የአጣቢዋን ሐዘን ለክርክር ማሸነፊያ አድርገው በአደባባይ አንሥተውት አያውቁም፤ አብረዋቸው የሄዱ ባልደረቦችም እታለም የጥብቅና ፈቃዳቸውን እንዳያጡ ሠግተው ኮታቸውን ይጎትቱ ነበር። እርሳቸው ግን ተነሥተው የማንንም ስም ሳይጠሩ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩና፣ «መርማሪው አልጠየቃትም፣ ዳኛው አልጠየቃትም፣ ጠበቃዋም አልጠየቀቻትም፤ ጠበቃዋ እኔ ነኝ። ማታ እገባለሁ አይደል እያለች ደጋግማ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ግን ተርታዬ እንዳይበላሽብኝ አለፍኳት» አሉ። ጋዜጦች ጻፉባቸው፤ የሙያ ማኅበራቸውም ጠርቶ ገሠጻቸው፤ ተግሣጹንም ቆመው ተቀበሉ። ደንቡ ግን ጸደቀ።

ይህ ከተሰማ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አጣቢዋ ወደ ቢሯቸው መጥታ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጇ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን አናግራቸው አታውቅም። ስትገባ ሰላምታም ሳትሰጥ፣ «አሁን ጠይቂኝ» አለቻቸው። እታለምም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወለሉ ላይ ተንበርክከው «ማንን ትተሽ መጣሽ?» አሏት። እርሷም ነገረቻቸው። ልጇ ምን ዓይነት ፀጉር እንደነበረው፣ በእንቅልፉ ሲስቅ እንዴት እንደነበር፣ ማንን እንደሚመስል፣ ቀኑ እስኪያልቅ ነገረቻቸው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ተለያይተው አያውቁም፤ ወንድሟን አቅፋ የተገኘችው ልጅም አድጋ፣ ዛሬ አብዛኞቻችሁን ወደዚህ ያመጣውን አውቶቡስ የነዳችው እርሷ ናት።

ደንቡ ከወጣ በኋላ እታለም አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ጣቢያ ሄደው በረንዳ ላይ ሲጠብቁ፣ አንዲት ወጣት ፖሊስ ማስቲካዋን እያኘከች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ፣ በሰለቸ ድምፅ «ማንን ትተሽ መጣሽ?» ብላ ስትጠይቅ ሰሙ። ያን ዕለት እኔ ቤት መጥተው እየሳቁም እያለቀሱም ነገሩኝ። ሰልችቷት ስትጠይቅ ሰማሁ አሉኝ፤ እኔም ይህ ምኑ ያስደስታል ብላቸው፣ ሰው የሚሰለቸው በየቀኑ የሚያደርገውን ነው፤ እንግዲህ እኔ ባልኖርም ይጠየቃል አሉ። በሕይወታቸው እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በጉበት ሕመም የተያዙት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በሽታው እያደር ሲጸናባቸው የተኙበትን ክፍል እስር ቤት እየመሰላቸው፣ ተረኛ ነርሶችንና በጎናቸው የተኙትን ሴት ሳይቀር ማንን ትተሽ መጣሽ እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ጎረቤታቸውም የልጅ ልጆቻቸውን እየዘረዘሩ ስለሚመልሱላቸው ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይውሉ ነበር። አጣቢዋ በየቀኑ «ልጠይቅሽ መጣሁ» እያለች ትገባለች፤ የትራስ ልብሳቸውንና የሌሊት ልብሳቸውን ሌላ ሰው እንዲያጥብ አልፈቀደችም። በመጨረሻው ቀን እታለም እጇን ይዘው፣ በሰለለ ድምፅ «ማታ ቤቴ እገባለሁ አይደል?» አሏት። ያን ቃል ከየት እንዳመጡት የምናውቅ ሁሉ ፊታችንን አዞርን። አጣቢዋ ግን ፊቷን ሳታዞር «ትገቢያለሽ እህቴ፤ እኔ ራሴ አስገባሻለሁ» አለቻቸው፤ እርሳቸውም በዚያው ምሽት፣ ሁላችን በተሰበሰብንበት፣ በሰላም ዐረፉ።

እነሆ እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ መጨረሻ ሟች ትተዋቸው የሄዱትን መዘርዘር የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ለቅሶ ላይ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ፤ ጥያቄ መሆኑ የገባኝ ግን ይህን ስጽፍ ነው። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከዚህ በኋላ «እርሳቸው» ማለት አልቻልኩም።

እታለም፣ ማንን ትተሽ ሄድሽ? ወዲያ ወዲህ እያየ መነጽሩን ደጋግሞ የሚጠርገውን ባለቤትሽን ትተሽ ሄድሽ። በሩ ላይ ቆሞ የጠየቀሽን ወንድ ልጅሽን፣ ሳቅሽን የወረሰችውን ሴት ልጅሽን፣ አያቴ መቼ ነው የምትመጣው እያሉ የሚጠይቁንን የልጅ ልጆችሽን ትተሽ ሄድሽ። ዕድሜዬን ሁሉ ተከሳሽሽ የነበርኩትን፣ አሁን ከሳሽ የሌለኝን እኔን ወንድምሽን ትተሽ ሄድሽ። ልጇን ከቀበሩባት ቀን ጀምሮ የዘጋችውን በር የከፈተችልሽን እህትሽን፣ አውቶቡስ ነጂዋን ልጅሽን ትተሽ ሄድሽ። ዛሬ በየክፍሉ ተቀምጠው በሩ ሲከፈት ቀና የሚሉትን፣ ማንን ትተሽ መጣች የሚሉላት ሰው ያጡትን ሴቶች ሁሉ ትተሽ ሄድሽ።

ፈጣሪ ነፍስሽን በበጎ ማረፊያ ያኑራት፤ እኛንም ያጽናን። አንቺን የሚቀበልሽ እርሱ በሩ ላይ ምን ሠርተሽ መጣሽ ብሎ እንዳይጀምር፣ አስቀድሞ ማንን ትተሽ መጣሽ ብሎ እንዲጠይቅሽ እንለምነዋለን፤ መልስሽም ረጅም ነውና፣ እስክትጨርሺ ድረስ አያቋርጥሽ።